ባለ ሦስት እግሯ ዶሮ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ለባቡር ሐዲድ ብለው መንገዱን ቆፍረው፣ በብርቱካናማ አጥር ከልለው፣ ብረት ሲበይዱ ከረሙ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሽታው ቀድሞ ያገኘኛል። የተቃጠለ ብረት ሽታ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ እንደ ሳንቲም የሚቀመጥ። ከዚያ ሰማያዊው ብርሃን ብልጭ ይላል፤ እኔም ሳላስበው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሌላው መንገደኛ ስልኩን እያየ ያልፋል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

«መብራቱን አትዪ፤ ጥላውን እዪ» ይለኝ ነበር አባቴ።

አባቴ በያጅ ነበር፤ ደሴ ውስጥ የግቢ በር የሚሠራ። መሥሪያው ከመኪና መንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ ዳስ ቢጤ ነው። ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ አንጎላሬው፣ ብረቱ ሁሉ ደጅ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው እጅ አያስነካም። በሩን ሠርቶ ሲጨርስ ከተረፈው ላሜራ ላይ አንዲት ዶሮ ቆርጦ ከታች በኩል፣ ከማጠፊያው አጠገብ ይበይዳታል። የመዳፍ ያህል ናት። ሦስት እግር አላት። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠይቄው «አራት እንዳይበዛባት» ብሎ ስቆብኛል። ባለቤቱ ከላይ አንበሳ ቢያሠራ፣ መስቀል ቢያሠራ፣ ጨረቃና ኮከብ ቢያሠራ፣ ከታች ዶሮዋ አትቀርም። የሰፈር ልጆች «የባለ ሦስት እግር ዶሮ ጫጩት» እያሉ ይከተሉኝ ነበር፤ ያናደዱኝ መስሏቸው። እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እኮራ ነበር። ከተማው ውስጥ የትም ብሄድ አባቴ ከበር ሥር ሆኖ ያየኛል።

እናቴ የሞተችው ገና ትንሽ ተማሪ ሳለሁ ነው። ትምህርቴን ትቼ ቤቱን ያዝኩ፤ ቀን ቀን ደግሞ ከአባቴ አጠገብ ቆሜ የመበየጃውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ አቀብለዋለሁ። ከእጁ የሚወጣው ፍንጣሪ ቀሚሴን በትናንሽ ቀዳዳ ሞልቶት ነበር። አንዳንድ ቀን ምክሩን ረስቼ መብራቱን ያየሁ እንደሆን፣ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆጠቁጠኛል። አባቴ ድንች በስሱ ቆርጦ በዓይኖቼ ላይ ያኖርልኛል። የድንቹን ቅዝቃዜና የእጁን የብረት ሽታ እስካሁን ለይቼ አውቃለሁ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ይኖር ነበር፤ ሚስት እንጂ ልጅ አልነበረውም። ዲቪ ሲሞላ እኔን ልጄ ብሎ ሞላኝ። እንዲህ ያደረገ እሱ ብቻ አልነበረም። የእህቱን፣ የወንድሙን ልጅ የራሴ ነው ብሎ ያስመዘገበ በየሰፈሩ ነበረ፤ እንደ ዝምድና ወግ እንጂ እንደ ወንጀል የሚያየው ሰው አላጋጠመኝም። ዕጣው ለአጎቴ ወጣ።

ስለ ስማችን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። እኛ ቤተሰብ የሚጠራበት አንድ ስም የለንም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ። ስለዚህ ከሦስቱ ስሞቼ የተነቀለው መካከለኛው ብቻ ነው። የራሴ ቆየ። የአያቴም ቆየ፤ አያቴ ለአባቴም ለአጎቴም አባት ነውና። የአባቴ ስም ወጥቶ በቦታው የአጎቴ ገባ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መካከለኛውን ስም ማን ያየዋል? በአንድ ፊደል አሳጥረው ያልፉታል። አጎቴ የራሱንና የአባቱን ስም ብቻ ስላስመዘገበ፣ የመጨረሻው ስማችን፣ ላስት ኔማችን፣ አንድ ነው። አያቴ ከመቃብሩ ሆኖ እንደ ጃንጥላ ሁለታችንንም ሸፍኖናል፤ አባቴን ዝናብ ላይ ትቶ።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ያሠለጠነኝ ራሱ አባቴ ነው። የብየዳ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቆንስሉን ሆነ።

«የአባትሽ ስም ማን ነው?»

ስሙን ጠራሁ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«እንደገና። የአባትሽ ስም ማን ነው?»

የወንድሙን ስም ጠራሁ፤ ድምፄ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

«እንደገና። እኔን ሳታዪ።»

«አባባ፣ ይበቃል።»

«አባባ ማን ነው? እኔ ፈረንጅ ነኝ። እንደገና።»

ሳልደናቀፍ፣ ግንባሬን ሳልቋጥር የወንድሙን ስም ስጠራ «እንዲህ ነው፤ ጎበዝ» አለኝና ጭምብሉን ወደ ፊቱ መለሰው። ኤሌክትሮዱን ላቀብለው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበለኝም። ጭምብሉን እንዳጠለቀ፣ ምንም ሳይበይድ ተቀመጠ።

ቪዛው ተሰጠን፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድርያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ገባን። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው፤ አጎቴና ሚስቱ መኝታ ቤት፣ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ። የኮሪደሩ ምንጣፍ ዘወትር እርጥበት ይሸታል፤ ከአሳንሰሩ ስትወጪ የየቤቱ ቁሌት ከየበሩ ሥር ይቀበልሻል። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ቡናማ፤ ቁጥር እንጂ ምልክት የሌላቸው። በመጀመሪያው ሰሞን የሰው በር አንኳኩቼ አውቃለሁ። አጎቴ ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነ፤ ሚስቱ ሆቴል ልብስ ታጥብ ነበር። እኔ ሃይስኩል ገባሁ፤ ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ፣ በትምህርት ትንሿ። ቤት ውስጥ አጎቴን ጋሼ እለዋለሁ፤ ሰው ፊት አባዬ። አባቴ እንኳ በስልክ «የወንድሜ ልጅ፣ እንዴት ነሽ?» ነበር የሚለኝ። መስመር ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም ብሎ። ከሳሉ መሐል እየታገለ ነበር የሚናገረው፤ ሳሉ ከዓመት ዓመት ይረዝማል፣ ንግግሩ ያጥራል።

የሥዕል መምህራችን ረጅም፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ ሴት ነበረች። አንድ ቀን በጋሻ ቅርጽ የተቆረጠ ጣውላ ለእያንዳንዳችን አደለችና «የቤተሰባችሁን አርማ ሣሉበት፤ ከሥሩ ላስት ኔማችሁን ጻፉ» አለችን። በጥንት ዘመን የአውሮፓ ትልልቅ ቤተሰቦች አንበሳ፣ ንስር፣ ሰይፍ የመሳሰለውን በጋሻቸው ላይ ይሥሉ እንደነበር አስረዳችን። የማያውቅ ካለ ሞሉ ውስጥ በላስት ኔም እየፈለጉ አርማ የሚያትሙ አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ አለች።

አጎቴ በዕረፍቱ ቀን ይዞኝ ሄደ። ያ ሞል ዛሬ ፈርሷል። መሐል አዳራሹ ላይ፣ ከስልክ ሽፋን ሻጩ አጠገብ፣ ግድግዳው ሁሉ ጋሻ በጋሻ የሆነ ትንሽ ኪዮስክ ነበረች። ሰውየው ላስት ኔማችንን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። የለም። በሌላ አጻጻፍ ሞከረ። የለም። ደንበኛ እንዳያመልጠው ነው መሰለኝ፣ ለስማችን ይቀርባል ያለውን አውጥቶ አሳየን፤ ሰይፍ የጨበጠ ቀይ አንበሳ።

«ጠይቂልኝ እስኪ፣ ይሄ አንበሳ የማን ነው?» አለኝ አጎቴ።

ጠየቅሁለት። የዚህ ስም ባለቤቶች ሁሉ ነው አለ ሰውየው።

አጎቴ አንበሳውን አየው፤ አየው፤ በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «አባቴ ይሄን የመሰለ አንበሳ ቢኖረው ኖሮ በቅሎውን ለግብር አይሸጥም ነበር። ነይ እንሂድ።»

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን እያሰረ፣ ለራሱ ይመስል፣ «ከኛ ቤት ምልክት የነበረው ወንድሜ ብቻ ነው» አለ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። ሬዲዮውን ከፈተ። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ፤ በማግስቱ ክፍል ገብቼ የሣልኩት ሌላ ነገር አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ጊዜ፣ በቤተ መጻሕፍት ስለነዚያ ጋሻዎች ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ነገር ሲነገረኝ ከምንጩ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠባይ ነው። የሞሉ ሰውዬ ተሳስቶ ነበር፤ ወይም እያወቀ ይሸጥ ነበር። በጥንቱ ሥርዓት አርማ የስም አልነበረም። ለአንድ ሰው ነበር የሚሰጠው፤ ከእሱም ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ልጅ ልጁ ይወርዳል። ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ባዕድ፣ ስሜ ነው ብሎ ሊያነሳው አይችልም።

ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ግን ዶሮዋን ላሜራ አስመስዬ በብርማ ቀለም ቀባኋት፤ መደቡን የደሴ በሮች በሚቀቡበት አረንጓዴ። ሦስተኛውን እግር አባቴ እንደሚያደርገው ትንሽ ወደ ኋላ አዘነበልኩት። ከሥሩ የአያቴን ስም ጻፍኩ። አጠገቡ በምትለጠፈው ወረቀት ላይ ደግሞ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ አባቴ በር ይሠራ እንደነበርና ይህችን ዶሮ በየበሩ ላይ ያደርግ እንደነበር ጻፍኩ። መምህሯ የግሡን ጊዜ አርማልኝ ሰቀለችው። ወላጆች መጥተው እንዲያዩም ጠራች።

የአጎቴ ሚስት ጉዳዩን ስትሰማ መዘፍዘፊያውን ከእጇ ጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስፈጂን ነው? በዲቪው ወረቀት ላይ አባትሽ ሹፌር ነው! በያጅ የሚባል ነገር ከየት አመጣሽ?»

«አባቴ በያጅ ነው።»

«አባትሽ እዚህ ሶፋው ላይ ነው የተቀመጠው! አንዱ ለኢሚግሬሽን ኮል አድርጎ ቢናገርስ? ሦስታችንንም ዲፖርት አድርገው ቢመልሱንስ? ደሴ ያለው ሰውዬ ስሙን ለምን የተወ መሰለሽ፣ መልሰሽ በጣውላ ላይ ልትሰቅዪው?»

አጎቴ ጫማውን እያሰረ ነበር። «እሄዳለሁ» አለ። «ካልሄድኩ ነው የሚጠረጥሩት።»

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ አዲስ የተወለወለ ወለል ይሸት ነበር። ጋሻዎቹ በየተራ ተሰቅለዋል፤ አንበሳ፣ ንስር፣ ተራራ፣ የአገር ባንዲራ፣ እግር ኳስም ጭምር። ከሁሉም መሐል የምታስቅ የእኔዋ ናት። መምህሯ ገና ከሩቅ አይታን መጥታ የአጎቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። በሮቹን የሠራኸው አንተ ነህ? አለችው። ስለ አንተ አነበብኩ አለችው። ዶሮዋ ለምን ሦስት እግር ኖራት?

አጎቴ ወደ ጋሻው ቀረበ። ያቺን ዶሮ ካየ ስንት ዘመኑ እንደሆነ አላውቅም። ጣቱን ሦስተኛው እግር ላይ አሳርፎ ቆየ። ጀርባውን ነበር የማየው፤ የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን ኮሌታ፣ አንገቱ ላይ የወረደውን ላብ። አሁን አይደለሁም ይላል፣ አሁን ተሳስታ ነው ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

ከዚያ አወራ። አጎቴ እንግሊዝኛው ከፓርኪንግ በር የማያልፍ ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቃል ያጠረውን በእጁ ሞላው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ አለ። ትንሽ፣ ፈሪ፣ ቀኝና ግራውን የማይለይ። አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ላይ ጠፋብኝ። ስፈልገው ውዬ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአህዮቹ መሐል ሲያለቅስ አገኘሁት። በማግስቱ ከሰል ይዤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን በየአጥሩ ላይ ዶሮ ሣልኩለት። ዶሮዎቹን እየተከተልክ ና አልኩት። እሱ ግን «ዶሮ ሌላም ሰው ይሥላል፤ ያንተ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ስለዚህ ሦስተኛ እግር ጨመርኩላት። ባለ ሁለት እግሯ የሰው ናት፤ ባለ ሦስት እግሯ የኛ ናት አልኩት። አድጌ ብረት ሠሪ ስሆን በብረት አደረግኋት። ወንድሜ ከየትም ቢመጣ ደሴ ውስጥ እንዳይጠፋ።

መምህሯ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ወንድምህ አሁን የት ነው? አለችው።

«ሩቅ ነው» አለ አጎቴ። «እዚያ ምልክት የለም።»

እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አባቴ አልነገረኝም። የአባቴን ልጅነት መጀመሪያ የሰማሁት «እኔ ነኝ» ከሚል ሌላ ሰው አፍ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ ከተደረደሩ አንበሶች ሥር ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«ዋሸሁ?» አለኝ።

«አንድም ውሸት የለበትም ጋሼ። ‹እኔ› ካልከው በቀር።»

ሳቀ። ከዚያ በመዳፉ አፉን ያዘ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ሌላ ለማወቅ ወደ እሱ አልዞርኩም። ጥላውን ነበር ያየሁት፤ ዳሽቦርዱ ላይ።

አባቴ በቀጣዩ ክረምት፣ በዚህኛው የበረዶ ክረምት፣ ሞተ። የብረት ጢስ ሲጠጣ የኖረ ሳንባ ነው። መርዶው የመጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በር ተንኳኳ፤ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሽማግሌዎች በረዶ ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብሴን ሳጣጥፍ አዩኝና «ልጄ፣ ሻይ አፍይልን እስኪ» አሉኝ። እንድወጣ ነው። ለባለ ሐዘኑ በእርጋታ ሊነግሩ ነው።

ወጥ ቤቱና ሳሎኑ በአንድ መስኮት መሳይ ቀዳዳ ይገናኛሉ። በዚያ በኩል አየሁ። አጎቴን በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት። ወግ ነው፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ይያዛል፤ ራሱን እንዳይጥል። «ታላቅ ወንድም አባት ነው፤ ግን አንተ ወንድ ነህ» ብለው ጀመሩ። የሚሉትን ከመጨረሳቸው በፊት አወቅሁ። «ወንድሜን!» ብሎ ሲጮህ፣ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያየው እኔን ነበር። እኔን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። የተቃጠለ ስኳር ሸተተ።

አባቴ በዚያው ቀን እዚያው ደሴ ተቀብሮ አደረ፤ የኛ ቀብር ሰው አይጠብቅም። እዚህ ለቅሶ ተቀመጥን። የእድሩ ወንበር መጣ፤ ሰው ከውድብሪጅም፣ ከሴቨን ኮርነርስም መጣ። የአጎቴ ሚስት በጆሮው «ፎቶውን እንዳታወጣው። ፊቷ ቁርጥ እሱን ነው» ስትለው ሰማሁ። ስለዚህ ሻማው ብቻውን፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ በራ። ሐዘንተኛ እየገባ ባዶ ጠረጴዛ እያየ ይቀመጣል። አላስቻለኝም። ከሶፋው ሥር ጋሻውን አውጥቼ ከሻማው ኋላ አቆምኩት። ሚስቱ አፏን ስትከፍት አጎቴ «ተይው» አላት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንድ የታክሲ ሰው።

«ወንድሜ በር ሲሠራ የሚያኖራት ምልክት ናት።»

«ዶሮ? እግሯ… ቆይ፣ ሦስት ነው?»

«ሦስት ነው።»

«ስፔር ጎማ ይዛ ነዋ የምትሄደው!»

ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ መልሶ ለቅሶ ሆነ፤ እንዲህ ሲሆን የሰው ድምፅ ከየት ጋ እንደሚቀየር ለይቼ ሰምቻለሁ። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፤ ቆሎ አዞራለሁ። እጄን የጨበጠኝ ሁሉ «አይዞሽ፣ አጎት እኮ አባት ማለት ነው» ይለኝ ነበር። አሜን እያልኩ ሲኒ እሰበስባለሁ። አንድ የወንድም ልጅ ያህል ማልቀስ ይፈቀድልኛል፤ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ሰው ይጠይቃል። ለቅሶን ለክቶ ማልቀስ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እንባው በጉሮሮ ይወርዳል።

ከሴቨን ኮርነርስ የመጡ አንዲት ወሎዬ አሮጊት ነበሩ፤ ሙስሊም ናቸው፤ የደሴ ሰው ሞተ ሲባል ሰምተው፣ አገራቸው ስለሆነ ብቻ የመጡ። ሲገቡ ጀምሮ ከጋሻው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። በኋላ ተነስተው ወደ ወጥ ቤት ተከተሉኝ። ሲኒውን ከእጄ ወሰዱት።

«ነጠላሽን አምጪ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ዘርግተው፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ፊቴን እስኪከልል አለበሱኝ፤ ቤት ውስጥ ከማንም ይልቅ ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደሚለብሰው።

«እማማ፣ እኔ እኮ… አጎቴ ነው የሞተው።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ። ያቺ ዶሮ ያለችበት በር ደሴ ደጄ ላይ ቆሟል። ሲበየድ ወንበር አውጥቼ ሳይ ነው የዋልኩ። ከበያጁ አጠገብ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግታ ታቀብለው ነበር። ‹ልጄ ናት› አለኝ። ሻይ ስታቀርቢ እንዲያው ነሽ፤ ፊትሽን አዙረሽ እጅሽን ብቻ።»

ፍርሃት ያዘኝ፤ ቀድሞ የታሰበኝ የአጎቴ ሚስት ቃል ነበር፣ «ሦስታችንንም» ያለችው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ከኔ የሚወጣ ነገር የለም። አላህ ያጽናሽ። አባትሽ ነው፤ እንደ አባት አልቅሺው። እዚህ ማንም አያይሽም።»

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ውሃው ሲንሿሿ በጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ወገቤን ይዘው፣ እንደ ወጉ፣ ራሴን እንዳልጥል ያዙኝ። ሲበቃኝ ፊቴን አጥበው፣ ነጠላውን እንደ ድሮው መልሰው፣ የቀሩትን ሲኒዎች አብረውኝ አጠቡ። ሌላ ጊዜ አላየኋቸውም።

ዓመታት አለፉ፤ የአጎቴ ሚስት ሞታ አጎቴ ብቻውን ቀረ። እኔ ዜግነት አገኘሁ፤ ተማርኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። ስሜን ላስተካክል የምችልበት ጊዜ ነበረ፤ ግን አንዱን ስም ማስተካከል የአጎቴን ውሸት ማውጣት ነው፤ እሱ በሕይወት እያለ አላደርገውም አልኩ። የአባቴ ስም ከስሜ ጋር የተጻፈበት ወረቀት በዚህ አገር የለም። ጮክ ብሎ የጠራውም ሰው የለም።

አሁን አጎቴ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን ቤት ነው። መርሳት ይዞታል። መጀመሪያ ላይ የጠፋበት ክፍሉ ነበር፤ ከምግብ ቤቱ ሲመለስ የሰው አልጋ ላይ እየተኛ አስቸገረ። በሩ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አላነበበውም። አስታማሚዋ፣ እሷም ያገራችን ልጅ ናት፣ «የሚያውቀው ነገር ካለ አምጪና በሩ ላይ እንስቀልለት» አለችኝ። ጋሻውን አመጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠፋም። በየበሩ እየቆመ ያያል፤ ዶሮዋ ጋ ሲደርስ ጣቱን ሦስተኛው እግር ላይ አሳርፎ ይገባል።

ያለፈው እሑድ ስሄድ አስታማሚዋ እየሳቀች ተቀበለችኝ። «አባትሽ በያጅ ነበሩ እንዴ? የጓሮውን በር እኔ ልሥራላችሁ ብለው ሲያስቸግሩን ዋሉ።»

ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ከውጭ የክረምት ብርሃን ጉልበቱ ላይ ወርዷል። ማን እንደሆንኩ አላወቀም፤ ግን እንግዳ እንዲቀመጥ ወደ በርጩማው እጁን ዘረጋ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ላሜራው ተወደደ» አለኝ። «ሰው ቀጭኑን ነው የሚፈልግ። ቀጭን በር ደግሞ ልጅ ይገፋዋል።»

«ረዳት የለህም?»

«ነበረችኝ። አንዲት ልጅ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ለወንድሜ ሰጠኋት።»

ላርመው አልቻልኩም። ላርመው አልፈለግሁም። ከአጎቴ ውስጥ የሚያየኝ ማን እንደሆነ ጠይቄ ብደርስበት፣ ምን አደርገዋለሁ?

«ማን ትባላለች?» አልኩት።

ስሜን ጠራ። ቀጥሎ የአባቴን ጠራ። ቀጥሎ የአያቴን። ሦስቱንም፣ በትክክለኛ ተራቸው፣ ሳይደናቀፍ።

በርጩማዬን አስጠጋሁ።

«እንደገና» አልኩት።